ከወጥ ቤት የሚያስወጣ ድራማ

(በሰፈራችን የንባብ ክበብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ካደረግኩት ንግግር። ስጽፈው ድግግሞሹን ቀንሼዋለሁ፤ ሌላውን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። መብራት ቢጠፋ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ እንጂ አላቋርጥም። ከልጅነቴ የለመድኩት ነው።

ባለፈው ፍልሰታ ሰሞን አክስቴ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ የልጅ ልጆቿን ትጠብቃለች። ወላጆቻቸው ማለዳ ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚውሉት እንግዲህ እሷ፣ ሁለት ልጆችና ግድግዳውን የሸፈነ ቴሌቪዥን ናቸው። «አንተ እዚያው ውስጥ ነህ» አለችኝ። «እስቲ ንገረኝ፣ የቱን ልይ? ይሄ ዩቲዩብ እንደሆነ መዓቱን ያመጣብኛል። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይጀምራል። ባለፈው እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ የማላውቃቸው ሰዎች ሲጋቡ ደረስኩ።»

«እዚያው ውስጥ ነህ» ያለችኝ ኤዲተር ስለሆንኩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቀረጻ ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬያለሁ፤ ድራማ፣ ሰርግ፣ ማስታወቂያ፣ የጤና ጥበቃ መልእክት፣ ያልነካሁት የለም። ይኸን ሁሉ ሠርቼ ግን ለአንዲት አክስት ሦስት የፕሮግራም ስም መጥራት አቃተኝ። «ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። የዛሬው ንግግር የዚያ ስልክ ዕዳ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ስለ ተመልካች ብዛት አላወራም። በዚያ ቢሆን ኳስ ሁሉንም ይረታልና እዚሁ ጨርሰን ወደ ቤታችን በሄድን። ስለ ሽልማትም ብዙ አልልም። የምነግራችሁ የራሴን ጣዕም ነው፤ መለኪያዬ ግን የራሴ አይደለም፣ ከእናቴ የተዋስኩት ነው።

እናቴ ቴሌቪዥን አታይም። ትሰማለች። ቤታችን ውስጥ ሳሎኑና ወጥ ቤቱ የሚገናኙት በአንድ በር ነው፣ በሩ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ማታ ማታ እኛ ሶፋው ላይ ተደርድረን ስናይ እሷ ሽንኩርት ታቁላላለች። ከዚያ ሆና የምታሳየው ነገር በሦስት ይከፈላል። አንዳንዱ ፕሮግራም ሲመጣ ምንም አትልም፤ ድስቱ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዳንዱ ሲመጣ ደግሞ ከዚያው ሆና መልስ ትሰጣለች፦ «አትመኚው! እሱማ ውሸታም ነው!» አልፎ አልፎ፣ በዓመት ምናልባት አራት አምስት ጊዜ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ መጥታ ትቆማለች። ዘይቱ ከማማሰያው ምንጣፉ ላይ ጠብ ይላል፣ እሷ አታየውም። ሽንኩርቱ ያርራል። ያን ማታ የምንበላው ወጥ ይመራል፤ ድራማው ግን ድራማ ነው።

ይኸን እንደ ቀልድ አትውሰዱት። በሙያዬም የምንሠራበት ነገር ነው። አንድ ክፍል ተቆርጦ ሲያልቅ ስክሪኑን አጥፍቼ ድምፁን ብቻ አዳምጣለሁ። ሥዕል ያታልላል፤ ቆንጆ ልጅ፣ ቆንጆ መኪና፣ ከላይ በድሮን የተነሳ ከተማ ካለህ ዓይን ይቅርታ ያደርግልሃል። ጆሮ አያደርግም። ንግግሩ የተጻፈ ከሆነ፣ ማለት ሰው የማይናገረው ከሆነ፣ በጨለማ ወዲያው ይታወቃል። እናቴ ይኸን ሳትማር ነው የምታውቀው። እኛ አገር ደግሞ እንደሷ የሚሰማው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። ቡና የምታፈላው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ልብስ የሚተኩሰው፣ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ የቤት ሥራ የሚሠራው ልጅ፣ ሁሉም እየሰሙ ነው።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ በጥቁርና ነጭ። ያኔ ለልጆች ይቀርብ የነበረው ምን ነበር? አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ተረት። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ብለው ይጀምሩና ጅቡንም ጦጣውንም ንጉሡንም በአንድ ጉሮሮ ያመጧቸዋል። ጀርባቸው ላይ ጫካ የለም፣ ካሜራው አይንቀሳቀስም። ከ40 ዓመት በላይ በዚሁ ቆዩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የሃምሳና የስልሳ ዓመት ጎልማሶች እንደ ልጅ ያለቀሱት ለሥዕሉ አልነበረም፤ የጅቡ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ስለቀረ ነው። በእናቴ መለኪያ ካየነው አባባ ተስፋዬን የሚያክል አልመጣም። ቀለም የገባው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ቀለሙ ሲገባ ተረቱ አልተሻሻለም፣ ጅቡም ድሮውኑ ቡናማ ነበር።

ወደ ድራማ ልምጣ። መጀመሪያ የማነሳው «ገመና»ን ነው። የአዳነች ወልደገብርኤል ድርሰት ነው፤ ኋላ «ዳና»ንም ጽፋለች። «ገመና» ሲጀምር የብዙ ቤተሰብ ችግር ከልጆች ጋር ተቀምጦ ማየት ነበር። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ገመና የሚሸፈን ነገር ነው። አባቴ አንዳንድ ትዕይንት ሲመጣ ሬዲዮ የሚፈልግ መስሎ ይነሳ ነበር። እናቴ ግን የበሩ ጠባቂ ሆነች። ሰው ቤት ውስጥ ድምፁን ቀንሶ የሚናገረውን ነገር ድምፁን ቀንሶ የሚናገር ድራማ ያኔ ለኛ አዲስ ነበር።

ከዚያ «ሰው ለሰው» መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዕድሜ ከእኔ የምትቀራረቡት ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባል ሰው ነበር። በኛ ሰፈር እስከ ዛሬ ነገር የሚሸርብ ሰው «አስናቀ» ነው የሚባለው። ለምን ያዘን? ሀብታም ተንኮለኛ በሌላውም ድራማ ሞልቷል። ልዩነቱ ይሄ ሰውዬ አይጮህም። ሌላው ክፉ ሰው ጠረጴዛ ሲደበድብ አስናቀ ሻይ እንደሚያዝ ሰው ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። ወጥ ቤት ሆኖ የሚሰማ ሰው ደግሞ ጩኸት ሲሰማ ድስቱን ያማስላል፣ ዝግ ያለ ድምፅ ሲሰማ ግን ጆሮውን ያቀናል። ምን አለ? ምን አለ? እያለች እናቴ ትመጣ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረው፤ በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣው። በዚያ ማታ መብራት ከጠፋባችሁ አለቀ፣ ዩቲዩብ የለም፣ ድጋሚ የለም። በማግስቱ ያየ ሰው መፈለግ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ነበሩ፤ ጄኔሬተር ያለው ዘመድ ቤት ሄደው ያያሉ። ጠዋት ቡና ላይ ሙሉውን ክፍል በአሥር ደቂቃ ይተርኩልናል፤ የአስናቀን ድምፅ አውጥተው፣ የሴቶቹን ልቅሶ አልቅሰው፣ ያልነበረ ነገርም ጨምረው። በኋላ ዋናውን ሳየው የእትዬ ይሻል የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ተይዞ ሊተረክ የሚችል ድራማ አጥንት አለው። ዛሬ የሚቀርበውን ብዙ ነገር ለሰው ልተርክ ስሞክር «ሶፋው ላይ ተቀምጠው ተጨቃጨቁ» ከሚለው አላልፍም። «ሰው ለሰው» መጨረሻው ላይ ተለጥጦብናል፣ አልክድም። ጅማሬው ግን ዛሬም ተፈልጎ ሊታይ ይገባዋል።

ሶፋውን ካነሳሁ አይቀር ልናገረው። በብዙ ድራማዎቻችን ሰው ሁሉ ሀብታም ነው፤ ምን ሠርቶ እንደከበረ ግን አይታይም። «ቢሮ ነኝ» ይላል። ቢሮው ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ የፕላስቲክ አበባ አለ፣ ላፕቶፑ አይከፈትም። «ድርጅቱ» ይባላል፤ ድርጅቱ ጫማ ይሠራ፣ ብሎኬት ያምርት፣ ሰሊጥ ይላክ አናውቅም። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። ፕሮዲውሰሩ አንድ ቪላ በቀን ይከራያል፤ ኪራዩ እንዳይባክን በአንድ ቀን አሥር ትዕይንት እዚያው ይቀረጻል። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ በረንዳ፣ ደግሞ ሳሎን። ፋብሪካ ገብቶ ለመቅረጽ ፈቃድ፣ መኪና፣ ሌላ ቀን ይጠይቃል። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ ሥራ ፈት ሆነው ይቀራሉ፤ ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ መጨቃጨቅ ነው ያለው ዕድል።

ገንዘቡ የሚመጣው ከስፖንሰር ነው፣ ስፖንሰር ደግሞ ይታዘዛል። አንድ ጊዜ፣ ስም አልጠራም፣ የለቅሶ ትዕይንት እየቆረጥኩ ስልክ ተደወለ። የምግብ ዘይት የሚሸጥ ደንበኛ ነው። ጀሪካኑ በዚያ ክፍል ሁለት ጊዜ መታየት ነበረበት፣ አንዴ ብቻ ነው የታየው። ቀረጻው አልቋል። ምን ይደረግ? ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ መሀል አንዲት ሴት ጀሪካን ተሸክማ ስታልፍ የተነሳ ሁለት ሰከንድ አገኘሁ፣ ለእድሩ ወጥ የሚሠራበት ነበር። ሟቹን የሚያለቅሱት ፊት ላይ ቆረጥኩና እሱን አስገባሁ። ደንበኛው ተደሰተ። የሟች እናት የሆነችው ተዋናይት ግን እስከ ዛሬ ስታገኘኝ «ዘይቱስ ደህና ነው?» ትለኛለች።

እንግዲህ ቃና። ሁላችሁም ስትጠብቁት የነበረው ይኸ ነው መሰለኝ።

ቃና የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ተለውጦ ሲገባ ቤታችን በአንድ ወር ተለወጠ። የራት ሰዓት ተቀየረ። የቤት ሠራተኞች ሥራ ትተው ያያሉ ተብሎ ተከሰሱ፤ ከሳሾቹ እነማን እንደሆኑ ግን ማን አየ፣ እነሱም ሶፋው ላይ ነበሩ። የኪነ ጥበብ ማኅበራት ተቃውሞ አሰሙ፤ እንጀራችን ተነካ፣ ባህል ተበረዘ አሉ። የእንጀራው ነገር እውነት ነበረው። የባህሉ ነገር ላይ ግን ብዙ አልሄድም፤ ባህላችን በአንድ ሪሞት የሚበረዝ ከሆነ ድሮውኑ ቀጭን ነበር ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የቱርክ ድራማ ለምን በአማርኛ እንዲህ ገጠመ? ስሠራ የታየኝን ልንገራችሁ። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፣ አሉታውንም ግሡ ውስጥ ነው የሚከተው። «ወንድምህን ያን ቀን እዚያ ቦታ እኔ…» ብላ ተዋናይቷ ታቆማለች፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ይጠጋል፣ ሙዚቃው ይነሳል፣ ከዚያ «አልገደልኩትም»። ገደልኩት ይሁን አልገደልኩትም እስከ መጨረሻዋ ቃል አይታወቅም። እንግሊዝኛው ግን «አልገደልኩም» የሚለውን ገና በመግቢያው ይናገረዋል፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፊልም በአማርኛ ሲገባ ፊቱ ቀድሞ ይደነግጣል፣ ቃሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ቱርኮቹ ልክ እኛ በምንደነግጥበት ቦታ ነው የሚደነግጡት። መከባበሩም አለ። እነሱ ታላቅን በባዶ ስም አይጠሩም፣ ወንዱን አቢ ሴቷን አብላ ይላሉ። ጋሼና እትዬ ማለት ነው፤ ተርጓሚው አልተቸገረም። ወላጅ ፊት እግር አይነባበርም፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ሻይ ሳይቀርብ ነገር አይጀመርም። እናቴ «እነዚህ ሰዎች የኛ ናቸው» ያለችው በዚህ ነው።

«ጥቁር ፍቅር» ከሁሉም ይሻላል እላለሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በቴሌኖቬላ ዘርፍ ያገኘ ሥራ ነው፤ እኔ ግን የምወድለት ዋናው ገጸ ባሕርይ ከማል ሥራ ስላለው ነው። የማዕድን መሐንዲስ ነው። ከፍቅሩ ሲሸሽ የሚሄደው ወደ ድንጋይ ከሰል ማውጫ ነው፣ ፊቱ ጠቁሮ እናየዋለን። የሚወዳት ኒሃን ትሥላለች፣ እጇ ላይ ቀለም አለ። ቪላም ሶፋም እዚያም ሞልቷል፤ ቢያንስ ግን አንደኛው ሰው ደክሞት ነው የሚቀመጥበት።

ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ረጃጅም መፋጠጦች፣ እሱ ያያታል፣ እሷ ታየዋለች፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ጥበብ እንዳይመስሏችሁ። ቱርክ ውስጥ አንዱ ክፍል በሳምንት አንዴ ነው የሚተላለፈው፣ ርዝመቱም ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት በየሳምንቱ በንግግር መሙላት የሚችል ጸሐፊ የለም፤ ስለዚህ ይፋጠጣሉ። ለውጭ ሲሸጥ አንዱ ክፍል በ45 ደቂቃ እየተሸነሸነ ሁለትና ሦስት ይሆናል። ለዚህ ነው ድራማው ምንም ሳይሆን የሚያልቅበት ማታ የሚኖረው። መሀል ላይ አንድ ሳምንት ብትዘሉ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም፤ በዕድሉ ተጠቀሙበት።

በወጥ ቤቱ መለኪያ ግን ቃና አንድ ቦታ ይወድቃል። እናቴ ሥዕሉን ሳታይ «ይሄ የቃና ነው» ትላለች። እንዴት አወቅሽ ስላት «ሁሉም አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዓሣ አጥማጁም፣ ባለ ሆቴሉም፣ አያትየውም ያው አማርኛ ነው የሚናገሩት፤ ጎጃም የለ፣ ወሎ የለ፣ መርካቶ የለ። ከንፈሩ እንዲገጥም ሲባል ተረትና ምሳሌው ይቆረጣል። «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል ደግሞ እኛ ቤት በዓመት የማይባለውን ያህል በአንድ ማታ ይባላል። ድምፁም ከክፍሉ ጋር አይሄድም፤ በረሃ ላይም ቆመው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ለዓይን ይበቃል፣ ለጆሮ ግን ጨው የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ዲሻችን ላጫውታችሁ፣ ከነገሩ አልወጣም። ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሹ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። ዲሽ ሠሪው ልጅ ቆርቆሮው ላይ ወጣ፣ እኔ ሳሎን፣ ታናሽ ወንድሜ መሀል ግቢው ላይ። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጥቶ ሄደ!» አንድ ሰዓት እንዲህ ሆነን በመጨረሻ መጣ። ልጁ ወርዶ ጣቢያዎቹን ሲደረድር እናቴን «እማማ፣ የቱን አንደኛ ላድርገው?» አላት። እኛ ቃና ስትል ጠብቀን ነበር። «ቅዳሴ የሚያሰማውን» አለች። «ሁለተኛስ?» «ዜና፣ አባታቸው ይጮሃል።» «ሦስተኛ?» አሰበች። «ሦስተኛ ባዶ ተውልኝ፤ ጥሩ ነገር ከመጣ አስገባበታለሁ።» ልጁ ባዶ ቦታ እንዴት እንደሚተው አላወቀም፣ አንድ የዐረብኛ የምግብ ጣቢያ አስገባበት። አሁንም እዚያው አለ። ስታበስል እሱን ትከፍታለች፤ ቋንቋውን አትሰማም፣ ድስቱን ግን ትሰማለች፣ «ሽንኩርቱ ገና ነው» ትለዋለች።

ጥሩ ነገር የመጣው ግን በኋላ ነው፤ በአርትስ ቲቪ የወጣው «እረኛዬ»። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ ጻፉት፣ ቅድስት አዘጋጀችው። «ረቡኒ»ን የሠራችው ቅድስት ናት። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው፣ ማየት ሳይሆን እሷን ማየት ነበር የያዝኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማማሰያ በሩ ላይ ነበር። ምን ሰማች? ሰው እንደ አገሩ ሲናገር ሰማች። ሽማግሌው እንደ ሽማግሌ፣ ልጅቷ እንደ እረኛ፣ የከተማው ሰው እንደ ከተማ ሰው። በሌላ ድራማ ገጠር ሲታይ ወይ ለሳቅ ነው፣ ወይ ለአዘኔታ፤ ባለ ጋቢው ሰውዬ መጥቶ አፉን ያጣምማል፣ እንስቃለን። እዚህ የገጠሯ ሰው ከማናችንም በላይ ነገር ታውቃለች፣ ስትናገርም ቃሏን መርጣ ነው። ደግሞም ሥራ አለ፤ ከብት አለ፣ መሬት አለ፣ እሳት የሚያነድ እጅ አለ። የጎደለው ነገር የለም አልልም፤ አንዳንድ ቦታ መልእክቱ ከሰዎቹ ይቀድማል፣ ሙዚቃውም አንዳንዴ ብዙ ያወራል። ቢሆንም አክስቴ ከእኔ አንድ ስም ብቻ ብትጠይቀኝ ይኸንን እሰጣታለሁ።

ሙዚቃ ካልኩ አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። የማያስፈልጋችሁ የምለው አንድ ዓይነት ፕሮግራም አለ። ችግረኛ ሰው ቤት ካሜራ ይገባል፣ ወይም ለዓመታት የተጠፋፉ ሰዎች ስቱዲዮ ውስጥ ይገናኛሉ፣ ይለቀሳል። በየጣቢያው አለ። ሰዎቹ መረዳታቸውን አልቃወምም፤ ከመካከላቸው ቤት የተሠራለት፣ ልጁ የታከመለት አለ። እኔ የምለው ማየቱን ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለጥቂት ወራት ቆርጫለሁ። አንዲት እናት ነበረች፤ ልጇ ከብዙ ዓመት በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣላት። አላለቀሰችም። ቆማ አየችው። ዝም ብላ፣ ረጅም ጊዜ፣ ሻሿን እያስተካከለች። እንዴት ያለ ነገር ነበር! እኔ ግን የተሰጠኝ መመሪያ ሌላ ነው፤ ዋሽንት አመጣሁና ከሥሩ አስገባሁ፣ ዝምታውንም ግማሹን ቆረጥኩት። የተላለፈ ዕለት ቤት ሆኜ አየሁት። እናቴ ከወጥ ቤት፣ ሥዕሉን ሳታይ፣ ሥራው የእኔ መሆኑንም ሳታውቅ፣ «ምነው፣ ሴትየዋ ሳታለቅስ ዋሽንቱ አለቀሰ?» አለች። በሚቀጥለው ወር ለቀቅኩ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ሙዚቃው ከሰዎቹ ቀድሞ ካለቀሰ ለውጡት።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ለሳቅ «የቤተሰብ ጨዋታ»ን እዩ፣ ነፃነት ወርቅነህ በኢቢኤስ የሚያቀርበውን። ቅርጹ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ የሚያስቀው ግን የኛ ነው። እኔ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ስሕተቱን ነው የምጠብቀው፤ አባትየው በጥያቄ ሲጣደፍ የሚወረውራት መልስ የአንድ ቤት ምሥጢር ናት፣ ሚስትየው ስታፍር ታያላችሁ። ቴክኖሎጂ ለሚፈልግ የሰሎሞን ካሳ «ቴክ ቶክ» አለ፤ ከባዱን ነገር በአማርኛ ማስረዳት እንደሚቻል የሚያሳይ ነው፣ እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች ለቃላቱ ስትሉ እንኳ እዩት። የዘፈን ውድድር ከፈለጋችሁ የፋናው «ላምሮት» አለ፤ ዳኞቹን ዝለሉና ዘፋኞቹን ስሙ። ኳሱን እንዳልነካ ቃል ገብቻለሁ።

ለልጆች ግን ልዝለል አልችልም፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ብሩክታዊት ጥጋቡ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ ከባለቤቷ ጋር ሆና አሻንጉሊቶቹን በካልሲ ሠርታ ቤቷ ውስጥ መቅረጽ ጀመረች። በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አገኘ፤ ትላልቅ የዓለም ጣቢያዎች የሚወዳደሩበት ነው። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ቁጥር፣ ታናሽ ሲወለድ ስለሚመጣው ቅናት። ቴሌቪዥን ሲከፈት ቪላ ያስፈልጋል የሚል ፕሮዲውሰር ካጋጠማችሁ ካልሲዋን አስታውሱት።

እንግዲህ ለአክስቴ ደወልኩላት። ለእሷ «እረኛዬ»፣ ለልጆቹ ፀሐይን፣ ልብስ ስታጣጥፍ ደግሞ «ጥቁር ፍቅር»ን፣ እየዘለለች። መዘገበች። በሳምንቱ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ልጆቹ ከእሷ ጋር «እረኛዬ»ን ማየት ጀምረዋል፣ ግማሹ ባይገባቸውም። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ «አያቴ፣ እረኛ ማለት ምንድን ነው?» አላት። በግና ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው አለችው። አሰበ። «ሥራው ነው?» አዎ፣ ሥራው ነው። «ማታ ይመለሳል?» ይመለሳል። አሁንም ትንሽ አሰበና፣ «እናትና አባቴ ሲመለሱ እኔ ተኝቻለሁ፣ በጎቹ ግን ነቅተው ያዩታል?» አላት።

እሷ ለእኔ አስተላለፈችው፣ እኔ ደግሞ ለእናቴ አሰማኋት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አዳመጠችው፤ ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ አረረ።